እስከ ወንዙ ድረስ

እናንተ የዛሬ ሰዎች አውቶቡስ ስትሳፈሩ አያለሁ። እግራችሁን ታነሳላችሁ፣ ትገባላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፤ በቃ። አጠገባችሁ ያለውን ሰው እንደምን አደርክ እንኳ አትሉትም። ደሴ ድረስ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፋችሁ ትሄዱና ስሙን ሳታውቁ ትወርዳላችሁ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም መንገድ በአውቶቡስ የሄድኩ ዕለት ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሁለት ቀን ይፈጃል የተባለው መንገድ ሦስተኛ ቀን ገባብኝ። እሱስ ባልከፋ፤ ሊሸኘኝ የወጣው ሰው ቀድሞኝ ደረሰ። ቆይ አትሳቁ፣ ገና አልጀመርኩም።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ መቀሌ ገበያ ዳር አንዲት በረንዳ ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። የወልዲያ ልጅ ነኝ። መቀሌ የገባሁት «ለአንድ ክረምት» ብዬ ነበር፤ ያ ክረምት እነሆ አምስት ዓመት ሆነው። ማደሪያ ያከራዩኝ አቦይ ሓጎስና ባለቤታቸው አደይ ለተብርሃን ናቸው። እነሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም። በጾማቸው ቀን ፊታቸው መብላት አፍሬ ስሽኮረመም አደይ ለተብርሃን «ብላ ወደይ፣ ብላ ልጄ፣ የምጾመው እኔ ነኝ እንጂ መሶቡ አይደለም» ይሉኝ ነበር።

ታላቅ እህቴ ዘይነባ ወልዲያ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ስትድር ቀርቻለሁ። ለሰው ሙሽራ ልብስ ስሰፋ ቀኑ አለፈብኝ፤ በበቅሎ የሰባት ቀን መንገድ በሦስት ቀን አይደረስበት ነገር። ዘይነባ ይህን አልረሳችም። ሁለተኛዋንና የመጨረሻዋን ልጇን ሐዋን ለመዳር ቀን ስትቆርጥ በአንድ ነጋዴ አፍ እንዲህ ብላ ላከችብኝ፦ «ሰርጉ ሐሙስ ነው። የሙሽራዋን ልብስ ሰፍተህ ይዘህ ና። ለሐዋም ከቀረህ ወንድም አልነበረኝም እላለሁ። አንተም ሰው በሌለህ አገር ብቻህን ደርቀህ ቅር።» ነጋዴው መልእክቱን ሲያደርስ ድምፁን ሁሉ እንደ እሷ አድርጎ ነበር፤ ቆሜ ነው የሰማሁት።

ልብሱን ሰፋሁ። እንደዚያ ያለ ልብስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰፋሁም። ነጭ ለስላሳ ጨርቅ፣ ደረቱና እጅጌው ላይ አረንጓዴ ጥልፍ። ጠርዙን ግን አልዘመዘምኩትም። ሐዋን ካየኋት አምስት ዓመት አልፏል፤ የማላውቀውን ቁመት እንዴት አድርጌ ልቁረጥ? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ። ስለዚህ ከታች አንድ ክንድ ያህል ትርፍ ተውኩና፣ መርፌና ክሬን ኪሴ ከትቼ፣ እዚያው አልብሼ ልለካት ወሰንኩ። እንግዲህ ልብሱ ያለ እኔ አይሆንም፣ እኔም ያለ ልብሱ እህቴ ደጅ ብቅ አልልም። ይህችን ያዙልኝ።

በበቅሎ አይደረስም። ነገር ግን ከአስመራ ተነስቶ ደሴ የሚወርድ አውቶቡስ እንዳለ ሰማሁ። መቀሌ አይገባም፣ በቁሓ ያልፋል። «ማክሰኞ ጠዋት ቁሓ ላይ ጠብቀው፣ ረቡዕ ማታ ወልዲያ ነህ» አሉኝ። ሰባቱን ቀን በሁለት! ለሦስት ቀን ያህል እግሬ መሬት አልነካም፤ ገበያ ውስጥ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ እኔ ግን ገና ሳልሳፈር አመንኩ።

አሁን ስለ ሽኝት ልንገራችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። በእኛ ጊዜ መንገደኛ ከደጅ አይሸኝም። ሸኚው እስከ ወንዝ አብሮት ይሄዳል። መንገድ ላይ መንገደኛው «በቃ፣ ተመለሱ» ማለት አለበት፤ ካላለ ባለጌ ነው። ሸኚው ደግሞ «አይሆንም» ማለት አለበት፤ ካላለ ልቡ አልነበረም ማለት ነው። ወንዙ ዳር ሲደርሱ መንገደኛው ከበቅሎው ይወርዳል፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ስንብት የለም። ይሳሳማሉ፣ ይመረቃል፣ ውሃውን ይሻገራል። ሸኚው ከወዲህ ቆሞ ከዓይኑ እስኪሰወር ያየዋል። ደግ ሥርዓት ነው። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ የተሠራው ለበቅሎ ነው።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከመቀሌ ወጣን። አቦይ ሓጎስ በትራቸውን ይዘው ከፊት፣ አደይ ለተብርሃን በትልቅ ቅል የዓይናለም ምንጭ ውሃ ይዘው ከኋላ፣ ሰይድ መሃል። ሰይድ እንደኔው የወሎ ልጅ ነው፤ ገበያ ውስጥ ሸክም ይሸከማል። ደግ ሰው ነው፣ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ የትም ቦታ ያንቀላፋል። ጨው ተሸክሞ፣ ቆሞ፣ ባለ ጨውን እያናገረ ሲያንቀላፋ አይቼዋለሁ። ብርድ ይዞት ስለነበር ጋቢዬን አውልቄ ደረብኩለት። አደይ ለተብርሃን መንገዱን ሙሉ «ሊጤን አቡክቼ ነው የወጣሁት፤ ቁሓ አድርሼህ ቶሎ እመለሳለሁ» ይሉ ነበር።

አውቶቡሱ ረፋዱ ላይ መጣ። ጣራው ላይ ከረጢት፣ የተፈታታ አልጋ፣ ሁለት የታሰሩ ፍየሎች። ሾፌሩ ተስፋይ የሚባል የአስመራ ሰው ነው። ሲናደድ በጣልያንኛ፣ ሲለምን በትግርኛ፣ ሲያዝ በአማርኛ የሚናገር ሰው ነበር፤ ያን ዕለት ሦስቱም ቋንቋ አልበቃውም።

እኔ በሩ ላይ ስደርስ ወለሉ ተጠርጎ አየሁትና ጫማዬን አወለቅኩ። ሰው ቤት እየገባሁ ነው እኮ! ጫማዬን ከደረጃው ሥር አስተካክዬ አስቀምጬ ገባሁና ከፊተኛው ወንበር ጀምሬ እያንዳንዱን መንገደኛ መጨበጥ ያዝኩ። «እንደምን አደሩ፣ ከመይ ሓዲርኩም፣ ደሓን ዶ?» ሰዎቹም አላሳፈሩኝም፤ ስለ ቤቱም ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ጠየቁኝ። ከብት የለኝም፤ ቢሆንም ደህና ናቸው አልኩ። ኋለኛው ወንበር ስደርስ ተስፋይ ክላክሱን ሦስት ጊዜ አስጩኾ ነበር። እኔ ሰላምታ መስሎኝ እሱንም ልጨብጠው ተመለስኩ።

«ያንን ጥቅል ጣራ ላይ ስጠው» አለኝ ልብሱን እያሳየ።

«ጌታዬ፣ እኔን ጣራ ላይ ስቀለኝና ልብሱ ወንበሬ ላይ ይቀመጥ» አልኩት።

ትቶኝ ዘወር ሲል እነ አቦይ ሓጎስ ሊሰናበቱኝ ገቡ። ትልቅ ሰው ሲገባ ዝም ብሎ የሚቀመጥ የለምና አውቶቡሱ ሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ። አቦይ ሓጎስ «በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ መሃል ገቡና ምርቃት ጀመሩ። መንገዱን ባረኩ፣ ጎማውን ባረኩ፣ የሾፌሩን ዓይን ባረኩ፣ ፍየሎቹን ባረኩ። እኛ ቆመን አሜን እንላለን። ተስፋይም ቢቸኩል የእናት ልጅ ነውና ባርኔጣውን አውልቆ አሜን አለ። ምርቃቱ ሲያልቅ ቶሎ ብሎ «አቫንቲ! ወደፊት!» አለና መኪናውን አስነሳው። እነ አቦይ ሓጎስ ግን አልወረዱም። ኋላ ሄደው ተደላድለው ተቀመጡ።

«አቦይ፣ ይበቃል፤ ተመለሱ» አልኩ እንደ ሥርዓቱ።

«ኣይፋል፣ አይሆንም ወደይ!» አሉ። «ቁሓ እኮ ደጃችን ናት። ሰው ከደጅ ይሸኛል እንዴ? እስከ ወንዙ እንሄዳለን።»

ጫማዬን ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። በመስኮት ስመለከት ቁሓ ላይ፣ ደረጃው በነበረበት ቦታ፣ ጎን ለጎን ተስተካክለው ተቀምጠዋል። አሁን ጮኼ አስቁም ይባላል? ባዶ እግሬን ወንበሩ ሥር ደበቅኩ።

ጥቂት እንደሄድን ተስፋይ በመስታወቱ አያቸው። «እናንተ የት ወራጅ ናችሁ?»

«ሸኚ ነን» አሉ አቦይ ሓጎስ።

«ሸኚ ማለት እንታይ ማለት ነው? ቲኬታችሁስ?»

ይህን ሲል መንገደኛው ሁሉ አጉረመረመ። አንድ ጎልማሳ ነጋዴ «ሽማግሌ ልጁን ሲሸኝ ቲኬት ይጠየቃል? ምን ዘመን መጣ!» አለ። ተስፋይ ሰው ሁሉ እንደተነሳበት ሲያይ በትግርኛ ለመነ፦ «በጃኹም ኣቦይ፣ እሺ፣ እስከ ወንዙ። ወንዙ ላይ ግን ባስታ፣ በቃ!»

«ባስታ» አሉ አቦይ ሓጎስም በክብር።

ወንዙ ደረሰ። ተስፋይ አቆመ። ሁላችንም በመስኮት አየን። ጊዜው በጋ ነው፤ ከታች አሸዋና ድንጋይ፣ መሃሉ ላይ አንዲት አህያ ተኝታለች።

«ይኸው ወንዝ!» አለ ተስፋይ።

አቦይ ሓጎስ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ውሃዋ የታለች?» አሉ። «ውሃ የሌለው ወንዝ እንዴት ወንዝ ይባላል? ይሄ መንገድ ነው። አህያዋን አታያትም?»

እኔ ሁለተኛውን «ተመለሱ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከልቤ ነበር፤ ግን ከልብ የተባለ «ተመለሱ» ስድብ ነው፣ ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልኩት። አልሰሙኝም። መንገደኛውም ለሁለት ተከፈለ። ነጋዴው «ስም ያለው ወንዝ ሁሉ ወንዝ ነው፣ ውሃ ኖረም አልኖረም» ሲል፣ አንዲት ሴት ደግሞ «ባል የሌለው ሰርግ ሰርግ ነው እንዴ?» ብላ መለሰችለት። ክርክሩ ሲከርር ተስፋይ በጣልያንኛ አንድ ነገር ብሎ ነዳው።

ሁለተኛውም ወንዝ ደረቅ ነበር። እዚያ ላይ ሰይድ ነቃና ነገሩን ሰማ። «ወላሂ ይሄ ቀላል ነው» ብሎ የአደይ ለተብርሃንን ቅል አንጠልጥሎ ወረደና ውሃውን እንዳለ አሸዋው ላይ ገለበጠው። «ይኸው ውሃ!»

አሸዋው ዓይናችን እያየ ጠጣው። እርጥብ ቦታው የአንድ ሳፋ ያህል ነበር፤ ቆይቶ እሱም ጠፋ።

«ወንዝ በቅል አይሞላም ወደይ» አሉ አቦይ ሓጎስ በሐዘኔታ። ከዚያ በኋላ ወንዝም የለን፣ የሚጠጣ ውሃም የለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

በየመንደሩ ስንቆም ትልቅ ሰው ይሳፈራል፤ ትልቅ ሰው በተሳፈረ ቁጥር እኛ «ኖር!» ብለን እንነሳለን። ዓዲ ጉዶም ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተከታትለው ሲገቡ ሦስት ጊዜ ተነስተን ሦስት ጊዜ ተቀመጥን። ተስፋይ «ሞተሩ ነው እንጂ የሚነሳው እናንተ አይደላችሁም! ተቀመጡ!» ብሎ ጮኸ። ማን ይስማው። እኔም ልብሱን እንደ ሕፃን ታቅፌ ስነሳ ስቀመጥ ውዬ ወገቤ ተቆረጠ።

ከዚያ የመንገዱ መጠማዘዝ መጣ። መጀመሪያ ያቅለሸለሸው እኛን ነው፤ ቀጥሎ ፍየሎቹን። አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ዋይ ኣነ! ሊጤ! ይሄኔ ኮምጥጦ አፍ አያስገባም» ይላሉ። የኔን ነገር አልነግራችሁም። ብቻ ልብሱን ከፊቴ አርቄ ይዤ እንደነበር እወቁልኝ።

ከቀትር በኋላ አላጀ ግርጌ ስንደርስ ነጋዴው ድንገት «ውሃ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የምትዘል፣ ጥርት ያለች ውሃ ከመንገዱ በታች ትወርዳለች። አውቶቡሱ ሙሉ አጨበጨበ። ተስፋይ አጨበጨበ። አቦይ ሓጎስ ከወንበራቸው ተነስተው «ይህች ናት!» አሉ።

እኔም ወረድኩ፤ ተቀምጦ ስንብት የለም ብያችኋለሁ። ሰይድ አንቀላፍቶ ነበር። ልብሱን መሬት ላይ ማስቀመጥ ፈርቼ ሰይድን በእኔ ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ጥቅሉን አሳቀፍኩት። ጋቢዬ ራሱ ላይ ደርሷል። ሰው ከውጭ ቢያየው እኔን ነው የሚያየው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

ውሃው ከመንገዱ ራቅ ያለ ነው፤ ቁጥቋጦ ይጋርደዋል። በባዶ እግሬ እየተደነቃቀፍኩ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወረድኩ። ተሳሳምን። አደይ ለተብርሃን ሕምባሻ ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ሦስተኛውን «ተመለሱ» ስላቸው «እንግዲህ እንመለሳለን» አሉ፤ ሁሉም በደንቡ ሄደ። ውሃውን በድንጋዩ ላይ ተሻገርኩ፣ ማዶ ቆሜ እጄን አነሳሁ፣ አቦይ ሓጎስ በትራቸውን አነሱ። እንባዬ ሊመጣ ነበር። ልክ በዚያች ሰዓት ከላይ የሞተር ድምፅ ሰማን።

ሰይድ በኋላ እንደነገረኝ፣ ተስፋይ በመስታወቱ ጋቢዬንና ጥቅሉን አይቶ «ደግ፣ ገብቷል» ብሎ ተነሳ። ሰዎች ቢጮሁበት አላጀን እየወጣ ነው፤ ያ አውቶቡስ ዳገት ላይ ከቆመ አይነሳም። አናቱ ላይ አቁሞ ግማሽ ሰዓት ጠበቀን። እኛ ደግሞ «ይመለሳል» ብለን ከግርጌው ግማሽ ሰዓት ጠበቅነው። ከዚያ እሱም ሄደ፣ እኛም ቀረን።

እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬ ቁሓ፣ ልብሴ አላጀ፣ መርፌና ክር ብቻ ኪሴ ውስጥ። የዘይነባ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል፦ ወንድም አልነበረኝም። ተናደድኩ። አምስት ዓመት በአክብሮት ያናገርኳቸውን ሰው ቀና ብዬ «በእናንተ ሽኝት ጠፋሁ! ከደጅ ብትመለሱ ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

አቦይ ሓጎስ አልተቆጡም። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ሓቅህን ነው ወደይ» አሉ። «አንድ ልጅ ነበረን። በጣልያን ጊዜ ለሥራ ብለው በመኪና ወሰዱት። መኪናይቱ ቸኮለች፣ እኛም ከደጅ ተሰናበትነው። ወንዝ ሳናሻግረው ሄደ፣ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን የወጣ ሰው ውሃ ሳይሻገር መለየት እምቢ አለን።»

አደይ ለተብርሃን ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። በዚያ ሁሉ መንገድ ስለ ሊጥ ያልተናገሩባት ጊዜ ያቺ ብቻ ናት። እኔ አፈርኩ፤ እንዲያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ሕምባሻውን ለሦስት ቆርሼ በላን።

ወደ መቀሌ የሚመለስ መኪና እስኪመሽ አልመጣም። የመጣው ጨው ጭኖ ወደ ወልዲያ የሚወርድ አንድ የጭነት መኪና ነው። እኔ ብቻዬን ልሳፈር ስል አቦይ ሓጎስ ቀድመውኝ ጎማውን ረግጠው ወጡ።

«አቦይ፣ ውሃውን ተሻግሬያለሁ እኮ!»

«ልብስህ ግን አልተሻገረም» አሉ። «ያስወረድንህ እኛ ነን። አንተና ልብስህን ሳናገናኝ አንመለስም። ለተብርሃን፣ ነይ ውጪ።»

«ሊጤስ?» አሉ አደይ ለተብርሃን፣ እግራቸውን እያነሱ።

የጨው ጭነት ላይ ሁለት ቀን ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለጋችሁ ሰይድን ጠይቁት፤ የዕድሜ ልክ ሙያው ነው። ማይጨው አደርን። ኮረም ላይ ጎማው ፈነዳ። አላማጣ ላይ ሾፌሩ ዘመድ ቤት ገብቶ ለሦስት ሰዓት ጠፋ። ረቡዕ መሸ። እኔ በየደቂቃው «ስንት ቀረን?» እላለሁ፣ ሾፌሩም በየደቂቃው «ደርሰናል» ይላል። ቆቦ ላይ፣ ወልዲያ ሳንገባ «ደርሰን» አደርን።

ሐሙስ ጠዋት ወልዲያ ስንገባ ከበሮው ይሰማል። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ነጭ ሆነን ከመኪናው ወረድን። አቦይ ሓጎስ ጢማቸው ላይ ከነበረው ጨው ወጥ ይሠራ ነበር።

ሰርግ ቤቱ ደጅ ላይ ሰይድ ቆሟል፣ ፊቱ ገርጥቷል። ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ ሲመረመር ነው ያደረው። ዘይነባ «ወንድሜ የታለ?» ስትለው «መንገድ ላይ ቀረ» ይላል፤ «አንተስ ማነህ?» ስትለው «እኔማ ልሸኘው የወጣሁ ነኝ» ይላል። «ሸኚው እዚህ ደርሶ ተሸኚው የት ይቀራል?» እያሉ አክስቶቼ ሁሉ በየተራ ጠይቀውታል። ልብሱን ግን ለማንም አላስነካም፤ ሁለት ሌሊት እንደታቀፈው ሳይተኛ አድሯል። ሰይድ! ሳይተኛ!

ዘይነባ ከውስጥ ወጣች። አፏን ለስድብ ከፍታ ነበር፤ አውቃታለሁ። ከዚያ ከኋላዬ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙትን ሁለት ነጫጭ ሽማግሌዎች አየች።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«የመቀሌ ሰዎቼ ናቸው። ሊሸኙኝ ወጥተው ነው።»

«እስከ የት?»

አቦይ ሓጎስ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ጨው ረገፈ። «እስከ ወንዙ ነበር ልጄ» አሉ። «ወንዙ ራቀብን።»

ዘይነባ ስድቧን ዋጠች። እኔን ትታ ወደ እነሱ ሄደችና ጉልበታቸውን ሳመች። አደይ ለተብርሃንን አቅፋ «ሰው የለውም ብዬ አንድም ሌሊት ተኝቼ አላውቅም» ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ፤ ጨው ዓይኔ ገብቶ ነው ብላችሁ ብታስቡልኝ ደስ ይለኛል።

ሐዋን አልብሰው አመጡልኝ። ካሰብኳት በላይ መለሎ ሆናለች፤ አንድ ክንድ ያህል የተውኩት ትርፍ አራት ጣት ብቻ ቀረ። ከበሮው ቆሞ ጠበቀኝ፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደጅ ላይ ጠበቀኝ፣ እኔ በባዶ እግሬ መሬት ላይ ተቀምጬ ዙሪያዋን እየዞርኩ ዘመዘምኩላት። እጄ ላይ ጨው ስለነበር ጠርዙ ጥቂት ቢያሳክካት «አጎቴ፣ ልብሱ ጣፍጧል» ብላ ሳቀች። ሰይድ የመጨረሻዋን ስፌት አይቶ «አልሐምዱሊላህ» አለና እቆመበት አንቀላፋ።

አደይ ለተብርሃንንስ ፈልጌ አጣኋቸው። በኋላ ጓዳ ገብቼ ባይ ከወልዲያ ሴቶች መሃል እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሊጥ ውስጥ ከተው «እንዲህ አይቦካም፣ እኔን እዩ» እያሉ ነበር። ወሎ ነውና ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ በግ ታረደላቸው፤ አቦይ ሓጎስም በእስላም ሰርግ ላይ ምርቃት አድርሰው ሼሁን ሁሉ አሜን አሰኙ።

እሑድ ወደ መቀሌ መመለሻችን ሆነ። ከቤት ስንወጣ ዘይነባ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችን። «ተመለሺ» አልኳት። «ከደጅ ሰው ይሸኛል እንዴ?» አለች። ባሏም ወጣ። አክስቶቼ ወጡ። ሐዋና ሙሽራው ወጡ፣ ሚዜዎቹ ወጡ፣ ከበሮ መቺው ወጣ፣ ሼሁ ወጡ። መንገድ ዳር ስንደርስ ሰላሳ እንሆን ነበር፣ ከበሮውን ሳይጨምር።

ከደሴ በኩል አውቶቡሱ አቧራ አስነስቶ መጣ። ተስፋይ ነው። ከሩቅ አየን፤ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ አቦይ ሓጎስን ከነበትራቸው አየ፣ ከዚያ ከኋላችን የቆመውን ሕዝብ አየ። አውቶቡሱን ሃምሳ እርምጃ ያህል ሲቀረው አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ራሱን በመስኮት አወጣና በሦስቱ ቋንቋዎቹ የትኛው እንደሚሻል ሲያስብ ቆይቶ፣ በመጨረሻ በአማርኛ፣ በጣም በትሕትና እንዲህ ሲል ጠየቀ፦

«ወንዙ ውሃ አለው?»